እጅ ከጋቢ ሲወጣ

በመጀመሪያ የቃል ነገር አለብን። ፈረንጆቹ «ለክረምት ብስክሌት የሚሆን ሞቅ ያለ ጓንት» ሲሉ የሚያወሩት ስለ በረዶ ነው። እኛ ዘንድ ክረምት ሲባል የሚመጣው ዝናብ፣ ጭቃና ጎርፍ ነው። የሐምሌ ዝናብ ደግሞ እጅን ያረጥባል እንጂ እምብዛም አያደነዝዝም። እጅ የሚያደነዝዘው በጋው ነው! ስሙ በጋ ሆኖ፣ ፀሐዩ አናት የሚበሳ ሆኖ፣ ንጋቱ ላይ ግን ጥርስ የሚያፋጭ። ከህዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቢሾፍቱ ውስጥ ብስክሌት ላይ ወጥቶ የማያውቅ ሰው «ቢሾፍቱ እኮ ሞቃት አገር ናት» ቢል አልፈርድበትም። እሑድ ከአዲስ አበባ መጥቶ፣ እኩለ ቀን ላይ ሐይቅ ዳር ዓሣ በልቶ፣ ሳይመሽ የተመለሰ ሰው ሌላ ምን ሊል?

ነገሩ ወዲህ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ከእሬቻ በኋላ ዝናቡ ያቆማል፣ ደመናው ይገፈፋል። ደመና ለምድር ጋቢዋ ነው፤ ቀን የጠጣችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ እንዳትለቀው ይሸፍናታል። ጋቢው ሲገፈፍ ሙቀቱ ሌሊቱን ሙሉ እየሾለከ ያድራል። ከሁሉ የሚቀዘቅዘውም ሰዓት ጎህ ሲቀድ፣ ማለትም ሠራተኛውና ተማሪው ከቤት የሚወጣበት ሰዓት ነው። ሐይቆቹ እንኳ ይህን ያውቁታል። የቢሾፍቱን የእሳተ ገሞራ ሐይቆች ያጠኑ ሰዎች እንደጻፉት፣ ውኃቸው አብዛኛውን ዓመት ላይና ታች ተለያይቶ ይቆይና፣ በእነዚሁ ጥርት ያሉ ቀዝቃዛ ወራት ላዩ ቀዝቅዞ ይከብድና ወደ ታች ይሰምጣል፤ የታችኛው ይነሣል። እንግዲህ ሐይቅ የሚያገላብጥ ብርድ ነው የብስክሌተኛ ጣት ላይ የሚያርፈው።

በዚያ ላይ ነፋስ አለ። ቴርሞሜትሩ 8 ዲግሪ ቢያሳይና ብስክሌተኛው በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ፣ ቆዳው የሚሰማው ብርድ 5 ዲግሪ ያህል ነው። ቆሞ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ነፋስ ካልመጣበት በሰላም ይቆማል፤ ብስክሌተኛ ግን ነፋሱን ራሱ እያመረተ ነው የሚሄደው።

አሁን ወደ ታሪኩ ልግባ። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩበት ልማድ ሆኖብኝ ነገርን ከቃል ነው የምጀምረው። እስቲ የብርድ ልብሶቻችንን ስም ደርድሯቸው። ጋቢ፣ ቡልኮ፣ ኩታ፣ ለምድ፣ ደበሎ... እነዚህ የቤት ናቸው። በርኖስ ከዐረብ አገር መጥቶ ቤተኛ የሆነ ነው። ካልሲና ጓንት ደግሞ ጣልያንኛ ናቸው፤ «ካልዜ» እና «ጓንቶ» የነበሩ። ሻርፕም የአውሮፓ ልጅ ነው። ልዩነታቸውን አያችሁልኝ? የቤቶቹ ሰውነትን በጅምላ የሚጠቀልሉ ናቸው። የውጪዎቹ አካልን በችርቻሮ ያለብሳሉ፤ አንገት ለብቻ፣ እግር ለብቻ፣ እጅ ለብቻ።

ታዲያ እጃችን ያን ሁሉ ዘመን የት ነበረ? ጋቢ ውስጥ ነዋ! ማለዳ ደጃፉ ላይ ፀሐይ የሚሞቅ አዛውንት አስታውሱ፤ ከዓይኑ በቀር የሚታይ የለም። እጁ ደረቱ ላይ፣ በገዛ ሙቀቱ ላይ ተቀምጧል፤ ሰላምታ ሲመጣ ብቻ ብቅ ይላል። በቅሎ ላይ ያለው ሰው እንኳ ልጓሙን በአንድ እጁ ይዞ ሌላውን ከበርኖሱ ሥር ያሞቃል፤ ሲበርደው ያፈራርቃል፤ በቅሎዋ እንደሆነች መንገዱን ታውቃለች። ገበሬው እርፍ ሲጨብጥ እጁን ያወጣል። እርሱ ግን የሚጨብጠው እንጨት ነው፤ እንጨት ደግሞ እንደ ብረት ሙቀት አይሰርቅም። ስለዚህ ጓንት የሚባል ነገር ቋንቋችን ውስጥ ስም ሳይኖረው መኖሩ ድንቁርና አልነበረም። አላስፈለገማ!

ብስክሌት ይህን ሁሉ አፈረሰው። ሁለት እጅ ይፈልጋል፤ ሁለቱም ከፊት፣ ለነፋስ ተሰጥተው፣ ቀዝቃዛ ብረት ጨብጠው፣ ጣት ፍሬን ላይ ሆኖ። ጋቢ ለብሶ ብስክሌት መንዳት አይቻልም አልልም። ሲነዱ አይቻለሁ፤ የጋቢው ጫፍ ሰንሰለት ውስጥ ሲገባና ባለቤቱ መንገድ ዳር ቆሞ እንደ አሣ ሲፈታ ጥበቡን ሲፈታም አይቻለሁ።

ብስክሌት በብዛት ወደ ከተሞቻችን የገባው ከጣልያኖች ጋር ነው፤ አስቀድሞ በአሥመራ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በዘለቀው ወረራ ደግሞ በተሠሩት መንገዶች ዳር ባሉ ከተሞች። ቋንቋው ዛሬም ይመሰክራል፤ ጎማ፣ ፍሬን፣ ጎሚስታ። ስፖርቱም ቶሎ ነው ሥር የሰደደው። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሳተፍ ይዛ የሄደችው ሯጮችንና ብስክሌተኞችን ብቻ ነበር። ገረመው ደንቦባ በዚያም፣ በ1952ቱ የሮም ኦሊምፒክም ተወዳድሯል። የአበበ ቢቂላን ባዶ እግር ያልሰማ የለም፤ በዚያው ሮም ላይ ብስክሌት የጋለበ ወገን እንደነበረን የሚያውቀው ግን ስንቱ ነው?

ልብ በሉ፤ ፍሬንና ጓንት በአንድ ቋንቋ ነው የመጡልን። አብረው ግን አልኖሩም። ብስክሌቱ እየወረደ ተማሪውና ሠራተኛው ቤት ሲገባ፣ ጓንቱ ላይ ቤት ቀረ። ከመኮንኑ የክብር ልብስ ጋር ተሰቀለ፤ ሙሽራዋ እጅ ላይ ነጭ ሆኖ ገባ፤ ትራፊክ ፖሊሱ አጠለቀው፤ የሆቴል አስተናጋጅ አጠለቀው። በእኛ አገር ጓንት የንጽሕናና የማዕረግ ምልክት ሆኖ ነው ያደገው፤ የሙቀት ዕቃ መሆኑ ተረሳ።

ቢሾፍቱ ላይ ይህ ነገር በግልጽ ይታይ ነበር። ከተማዋ ሜዳማ ናት፤ ለብስክሌት የተፈጠረች። አየር ኃይሉም እዚህ ነው። ከጠላት መባረር በኋላ ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን መጥቶ የበረራ ትምህርት ቤቱን ሲመራ የጀመረው ታሪክ፣ ከተማዋን የአብራሪና የመካኒክ ከተማ አደረጋት። እኔ ልጅ በነበርኩበት በ1970ዎቹ፣ ከተማዋ ደብረ ዘይት በምትባልበት ዘመን፣ ማለዳ ላይ በየመንገዱ የሚፈሰው ብስክሌት ነበር። አብራሪው ጓንት አለው፤ ሥራው ነው፤ መንግሥት ይሰጠዋል። አውሮፕላኑን የሚፈታውና የሚገጥመው መካኒክ ግን እጁን በአፉ እያሞቀ ነው በብስክሌት የሚመጣው። ከሁለቱ የማንኛቸው ጣት ይበልጥ ስስ ሥራ እንደሚሠራ አልከራከርም፤ ግን አስቡት።

እኛ ልጆቹስ? ብስክሌት በሰዓት ይከራይ ነበር፤ ሳንቲም ያጠራቀመ ሰዓቱ ሳያልቅበት ከተማዋን ይዞር ነበር። ታኅሣሥ ላይ እናቶቻችን የታላቅ ወንድም ካልሲ እጃችን ላይ ያጠልቁልን ነበር። ካልሲ እጅ ላይ መጥፎ አይደለም፤ ኋላ እንደምነግራችሁ እንዲያውም አንድ ብልሃት አለው። ችግሩ ሰፈሩ ነው። «ሙሽራው መጣ!» ይባላል። «ሚዜዎቹስ የት አሉ?» ይባላል። ጓንትን የሚያውቀው በሠርግ ነዋ ሰፈሩ! ወንድ ልጅ ብርድ ፈርቶ እጁን ሸፈነ መባል ደግሞ ቀላል ስድብ አልነበረም። መታጠፊያው ጋ ስንደርስ ካልሲውን አውልቀን ኪሳችን እንከታለን፤ ቤት ስንቃረብ እንደገና እናጠልቃለን። አዋቂዎቹም ከዚህ የተሻሉ አልነበሩም። ሹራብ የሚደርብ፣ ኮፍያ የሚደፋ፣ አንገቱን በፎጣ የሚጠመጥም ሁሉ እጁ ላይ ሲደርስ ጀግና ይሆናል።

ሰላምታም አለ። ባገራችን በጓንት ሰው አይጨበጥም። መንገድ ላይ አዛውንት ያገኘ ብስክሌተኛ መውረድ፣ ጓንቱን ማውለቅ፣ ቀኝ እጁን በግራው ደግፎ መጨበጥ አለበት፤ «አካም ቡልቴ» ብሎ የአዳር ጥያቄውን ሳይጨርስ መላቀቅ የለም። ከቤት እስከ ሥራ ሰባት አዛውንት ካገኘ ሰባት ጊዜ ማውለቅ ነው። ይኼኔ ጓንቱን ኪሱ ቢከተው ይፈረድበታል?

ቀልዱ እዚህ ላይ ያበቃል። የጣት ቆዳ ወደ 15 ዲግሪ ገደማ ሲወርድ ጣት ቅልጥፍናውን ያጣል፤ ቁልፍ መቆለፍ ያቅታል፣ መጨበጥ ይዘገያል። የያኔው ብስክሌት ፍሬኑ በብረት ዘንግ የሚሳብ፣ ጠንካራ ጭብጥ የሚፈልግ ነበር። የፈጣን መንገዱ ከመሠራቱ በፊት ደግሞ ወደ አዳማና ወደ ጅቡቲ የሚወርደው ከባድ መኪና ሁሉ የሚያልፈው በከተማዋ መሐል ነበር። የደነዘዘ ጣት ፍሬኑን ያገኘው ይመስለዋል እንጂ አላገኘውም። የጭነት መኪና ጎማ ሥር ገብቶ የቀረ የክፍል ጓደኛ ነበረኝ፤ ጥር ነበር፣ ማለዳ ነበር። መንስኤው ጣቱ ነው ብዬ የምምልበት ነገር የለኝም። ፍሬኑ ግን ደኅና እንደነበር ብስክሌቱን ያነሡት ሰዎች ሲያወሩ ሰምቻለሁ።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ሲሆን ጥሩ ጓንት የሚሠራበት ነገር የት ነበር? እዚሁ! ከቢሾፍቱ ወደ ሞጆ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ሞጆ ሲደርሱ ከከተማው በፊት የሚቀበላችሁ የቆዳ ፋብሪካው ሽታ ነው። ያ ሽታ የሚያስነጥስ ቢሆንም ዓለም ላይ ስማችንን ካስጠሩት ነገሮች አንዱ ነው።

የአውሮፓ በግ ባለ ሱፍ ነው። ቆዳው ያን ሁሉ ሱፍ ለማብቀል የተበሳሳ፣ በመሐሉ ስብ ያዘለ፣ የላላ ነው። የእኛ የደጋ በግ፣ በተለይም ነጋዴው «ሰላሌ» ብሎ የሚጠራው፣ ፀጉራም ነው፤ ቆዳው ስስ ሆኖ ጥቅጥቅ ያለ፣ ሲለጠጥ የሚታዘዝ፣ ሲስቡት በቀላሉ የማይቀደድ ነው። ስስና ጠንካራ የሚባሉት ባሕርያት አብረው ሲገኙ ያ ቆዳ ለጓንት ነው። የጎልፍ ተጫዋች ዱላውን በቆዳው ውስጥ እንዲሰማው የሚፈልገው ለዚህ ነው። የቢሾፍቱ ብስክሌተኛም ፍሬኑን በቆዳው ውስጥ መስማት አለበት፤ ልዩነቱ ጎልፈኛው ቢስተው ኳስ ነው የሚጠፋው።

ቆዳና ሌጦ ከቡና ቀጥሎ ከዋና ዋና የወጪ ንግዶቻችን አንዱ ሆኖ ኖሯል። የጅቡቲው ባቡር በቢሾፍቱ፣ በሞጆና በአዳማ በኩል ሲወርድ ቆዳ ጭኖ ይወርድ ነበር። ሲመለስ ደግሞ የተሰፋውን ዕቃ ይዞ ይመጣል። የእንግሊዙ ፒታርድስ ለጓንት በሚሆን ቆዳ የታወቀ፣ ከእኛ በግ ጋር ረጅም ዘመን የተዋወቀ ኩባንያ ነበር። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከሞጆ አለፍ ብሎ ኤጀርሳ የሚገኘውን የኢትዮጵያ ቆዳ ፋብሪካን ያዘ፤ ኋላም አዲስ አበባ ላይ ጓንት ማሰፋት ጀመረ። መንግሥትም በ2000 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ ጥሬና ከፊል የለፋ ቆዳ ወደ ውጭ በሚልክ ላይ 150 በመቶ ቀረጥ ጥሎ፣ «ጨርሳችሁ ሠርታችሁ ሽጡ» ብሎ ነበር። ሐሳቡ ሸጋ ነው። በ2023 (እ.ኤ.አ.) ግን ያ አንጋፋ የእንግሊዝ ኩባንያ ዕዳ ከብዶት በአስተዳዳሪዎች እጅ ወደቀ።

ጓንቱ እዚህ ሲሰፋ እንኳ የተሰፋው ለውጭ እጅ ነበር። ይህ የኩባንያው ጥፋት አይደለም፤ ነጋዴ የሚሰፋው ለሚገዛው ነው። እኛ ግን ገዢ ሆነን ቀርበን አናውቅም። ደበሎ ለብሶ ብርድ ያሳለፈ የቆሎ ተማሪ የበግ ቆዳን ሙቀት ያውቀው ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለን ከተሜዎች የበግ ቆዳን የምናውቀው በበዓል ማግሥት ነው። ድሮ ገና በጉ ተገፎ ሳያልቅ «ቆዳ! የበግ ቆዳ!» የሚል ድምፅ ከአጥር ውጪ ይሰማ ነበር፤ እናቶች ከቆዳው ዋጋ የበርበሬ ያወጡ ነበር። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ዋጋው ወርዶ ወርዶ የሚጠይቅም ጠፋ። በገና ሰሞን፣ ልብ በሉ ታኅሣሥ 29 ነው፣ ብርዱ በሚጠናበት ጊዜ ማለት ነው፣ ቆዳው ቦይ ውስጥ ተጥሎ ውሻ ሲጎትተው ይታያል። አጠገቡ አንድ ተማሪ እጁን በብብቱ አድርጎ፣ በአንድ እጁ ብቻ እየነዳ ያልፋል።

ከሚጣለው አንዱ ምክንያት እከክ ነው። ቅማልና መዥገር መሰል ተባዮች በጉን ሲነክሱት ቆዳው ላይ ነጠብጣብ ያበቅላል፤ የውጭ ቆዳ ባለሙያዎች ሳይቀሩ ቃሉን ከእኛው ወስደው «እከክ» ነው የሚሉት። ነጠብጣቡ ቀለም እኩል አይቀበልም፤ ስለዚህ ቆዳው ለሚላን ወይዘሮ ጓንት አይሆንም፤ ደረጃው ይወርዳል። ለብስክሌት ጓንትስ? ጓንቱ ነጠብጣብ ቢኖርበት ብርዱ አይቶ ይገባል እንዴ?

ገበያ ወጥታችሁ ጓንት የምትመርጡ ከሆነ የማውቀውን ልንገራችሁ። የቢሾፍቱ ሰልባጅ ተራ ከህዳር ጀምሮ ጓንት አይጠፋበትም፤ ክምሩ ሥር ነው፣ ቆፍሩ። ባለፈው ዓመት አንድ ወጣት ሻጭ ጥቁር የቆዳ ጓንት አነሣልኝ።

«ጋሼ፣ ይኼ ኦሪጅናል ነው፤ ይሞክሩት።»

«የክረምት ነው የበጋ?» አልኩት፣ ነገር ለመፈለግ።

«የብርድ ነው፣ ጋሼ» አለኝ። እኔ ሦስት አንቀጽ የፈጀሁበትን ነገር በሁለት ቃል ጨረሰው።

መጀመሪያ አፋችሁን ጓንቱ ላይ ገጥማችሁ ንፉበት። ትንፋሻችሁ ካለፈ ነፋሱም ያልፋል፤ የሹራብ ጓንት ቆሞ ለሚጠብቅ እንጂ ለሚነዳ የማይሆነው ለዚህ ነው። ውጪው ቆዳ ወይም ነፋስ የማያሳልፍ ጨርቅ፣ ውስጡ ሱፍ ቢሆን መልካም ነው። ጥጥ ላብ ሲጠጣ ይቀዘቅዛል፤ ሱፍ ረጥቦም ሙቀቱን ጨርሶ አይከዳም። ከዚያ አጥልቃችሁ ጨብጡ። የሚያጣብቅ ከሆነ ተዉት፤ ደም ካላለፈ የዓለም ሱፍ ቢደረብ ጣት አይሞቅም። እንደ ትራስ የወፈረም አይሁን። እኔ የምፈትነው በአንድ ብር ሳንቲም ነው፤ አጥልቄ ከጠረጴዛ ላይ ሳንቲሙን ማንሣት ከቻልኩ ፍሬንም አገኛለሁ። አንገቱ ረዘም ብሎ የእጅ አንጓን ይሸፍን፤ ደሙ ለቆዳ ቀርቦ የሚያልፈው እዚያ ላይ ነው፤ እጅጌና ጓንት ካልተገናኙ ነፋሱ በዚያች ክፍተት ነው የሚገባው።

የካልሲው ብልሃት ደግሞ ይህ ነው፤ ጣቶች ለየብቻ ክፍል ሲሰጣቸው ለየብቻ ይበርዳቸዋል፣ አንድ ክፍል ውስጥ ሲታጎሩ ግን እርስ በርስ ይሞቃቃሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነው ነገሩ። ስለዚህ አውራ ጣት ብቻ የተለየበት ባለ አንድ ኪስ ጓንት ከባለ አምስት ጣቱ ይበልጥ ያሞቃል፤ ፍሬን ላይ ግን ዳተኛ ነው። ማርሽ ለሌለው፣ መንገዱም ጭር ላለበት ሰው ይሆናል፤ ገበያ መሐል ለሚነዳ አልመክርም። በስስ የሱፍ ጓንት ላይ ሰፋ ያለ ቆዳ መደረብ ሁለቱን ያስታርቃል።

ደግሞ እጅ የሚሞቀው ከደረት ነው። ሰውነት ሲበርደው መጀመሪያ ደም የሚነሣው እጅና እግርን ነው፤ ለልብና ለሳንባ ያስቀራል። ደረቱን ክፍት አድርጎ ጓንት የሚገዛ ሰው በሩን ከፍቶ መስኮት የሚዘጋ ነው። የቱር ደ ፍራንስ ጋላቢዎች ከተራራ ጫፍ ቁልቁል ሲወርዱ ከማሊያቸው ሥር ጋዜጣ ይከቱ ነበር። የእኛም ጋዜጣ ሳትነበብ እንዳትቀር ይህን ጥቅሟን መዝግቡልኝ።

ከወጣቱ የገዛሁት ጓንት ደኅና ነው። ያም ሆኖ ያ የእከክ ቆዳ ነገር ስላልለቀቀኝ ገበያው ዳር ለሚቀመጥ አንድ ጫማ ሰፊ ጓንት ይሰፋ እንደሆን ጠየቅሁት። ሰፍቶ አያውቅም። የራሱን መዳፍ ገለባብጦ አየና፣ «ጣት በጣት ከሆነ ቀን ይፈጃል፤ በአንድ ኪስ ከሆነ ግን ቀላል ነው» አለኝ። ቆዳ ከየት እንደሚያገኝ ስጠይቀው ሳቀብኝ፤ «ጋሼ ደግሞ! ገና እኮ እየደረሰ ነው!» ከዚያ ከሥሩ ያነጠፈውን የቆየ ጋዜጣ ስቦ አወጣና እጄን ዘርግቼ እንዳስቀምጥበት ነገረኝ፤ በእስክሪብቶ ዙሪያዬን ሊያሰምር።